የሁለተኛው ዕትም መጨረሻ

ተክሌ ጅዳ ውስጥ በአንድ የግንባታ ድርጅት የኮምፒውተር መሐንዲስ ነው። እንጀራው ከዚያ ነው፤ ልቡ ግን ከሥራ መልስ በሚቀመጥበት በሌላ ሥራ ላይ ነበር። «አንደበት» ይባላል፤ ስልክ ላይ የተጻፈውን ለዓይነ ስውራን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ በየአገሩ የተበተኑ በጎ ፈቃደኞች ያለ ክፍያ ይሠሩታል። አማርኛ ያስተማረው ተክሌ ነው።

ጀይላንን ያወቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ለሠሪዎቹ የድምፅ መልእክት ደረሳቸው። «ወንድሞቼ፣ ይሄ ነገራችሁ የእናቴን ስም አበላሽቶ ይጠራብኛል። አላህ ይስጣችሁ፣ አቅኑልኝ» ይላል፣ በወሎ አማርኛ። ተክሌ ሳቀና አቀናለት። ከዚያ ወዲህ ሳይደዋወሉ የሰነበቱበት ጊዜ የለም።

ጀይላን የወረባቦ ልጅ ነው። በጅዳና በመካ መካከል ባለችው ባሕራ ብየዳ ቤት ሲሠራ ሲሊንደር ፈንድቶ ሁለቱንም ዓይኖቹን ጎዳው። ካፊሉ፣ ያስመጣው አሠሪ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳለትም፤ ኢቃማውም፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሳይታደስ ቀረ። መዲና የምትባለው እህቱ ወደ መካ ወስዳ ጀርወል ሰፈር ካለችው ክፍሏ አስገባችው። እሷ ዓዚዚያ ሰፈር ሆቴል ስታጸዳ ትውላለች፤ እሱ አሮጌ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል። ከእናቱም፣ ከአገሩ ልጆችም፣ ሥራ ላይ ካለችው ከመዲናም የሚያገናኘው ያ ስልክ ብቻ ነበር።

ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ተክሌ ክርስቲያን ስለሆነ መካ አይገባም። ጀይላን ደግሞ ከመካ ቢወጣ ኢቃማ ስለሌለው ተፍቲሹን፣ የመንገዱን የፍተሻ ኬላ፣ አልፎ መመለስ አይችልም። መንገዱ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ነው።

ያም ሆኖ ተክሌ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። መዲና የላከችለትን የምርመራ ውጤት ጅዳ ለምትሠራ፣ ፎዚያ ለምትባል የአገሩ ልጅ የዓይን ሐኪም አሳየ። «ቀኙ አልቋል» አለችው። «ግራው ግን ገና ነው። ቶሎ ከተሠራለት ያያል።» አንድ በጎ አድራጊ አገኘችለት፤ ቀጠሮውም ለሐጅ ማግሥት ሆነ። ጀይላን አንዴ ከመካ ወጥቶ ላይመለስ ተስማማ።

«ወላሂ ሳይ መጀመሪያ የማየው አንተን ነው» አለው ለተክሌ።

«እኔን አይተህ ምን ልታተርፍ? መዲናን እይ እንጂ።»

«እሷንማ አውቃታለሁ!»

በዚሁ ሰሞን ሰሐር ደወለች። ሰሐር ኩዋላ ላምፑር የምትኖር ሱዳናዊት ናት፤ የአንደበትን ሠሪዎች የምታስተባብረው እሷ ናት።

«ተክሌ፣ ሁለተኛውን ዕትም መዝጋት አለብን።»

ይህን ሲጠብቀውና ሲፈራው ቆይቷል። ሦስተኛው ዕትም ከወጣ ሰንብቷል፤ ነገር ግን አሮጌ ስልክ አይሸከመውም፤ አማርኛም ገና አልገባለትም። ስለዚህ አሮጌ ስልክ ላላቸው ሲባል ሁለተኛው በጎን እየተጠገነ ይኖር ነበር። የሚጠግኑት ብዙ ነበሩ። አንዱ ሥራ በዛበት፣ አንዷ ወለደች፣ ሌላው ሳይሰናበት ጠፋ። የቀረው ተክሌ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ የዓይነ ስውሩን የይለፍ ቃል ሌባ ሊሰማ የሚችልበት ክፍተት ተገኘ፤ ክፍተቱ ግድግዳው ላይ ሳይሆን መሠረቱ ላይ ነው፤ ለመድፈን ቤቱን ማፍረስ ይጠይቃል።

«አማርኛውን ወደ ሦስተኛው እያሻገርኩ ነው» አለ ተክሌ። «እስከ ሐጅ ማግሥት ታገሱኝ።»

«እስከዚያ እንታገሣለን» አለች። «ሌቦቹ ከታገሡን።»

ተክሌ አዲስ ስልክ ገዛ፤ በጅምር ያለውን አማርኛ ጫነበት። ለጀይላን እንዲያደርስለትም ለቶፊቅ ሰጠው። ቶፊቅ ባሕራ ጎማ የሚጠግን የጀይላን የድሮ ጓደኛ ነው። ግን የሐጅ ጊዜ ደርሶ ነበርና ፈቃድ ያልያዘ ሁሉ ከመካ መንገድ ይመለሳል። ቶፊቅ ሞከረ፤ መለሱት።

«ሐጁ ይለፍ እንጂ በእጄ አደርስለታለሁ» አለ።

ሌቦቹ አልታገሡም። ሰሐር ደግማ ስትደውል ድምጿ ተለውጦ ነበር። ሁለት ዓይነ ስውራን በዚያ ክፍተት ተዘርፈዋል። ሁለተኛው ዕትም ዛሬውኑ መዘጋት አለበት፤ መዘጋት ብቻም ሳይሆን በሚላከው የመጨረሻ አፕዴት ማንበቡን ማቆም አለበት።

«አንድ ሰው አለኝ፣ ሰሐር። ይሄን ከነሣሁት በጨለማ ላይ ጨለማ ነው።»

«አባቴም የሚያነበው በሁለተኛው ነው» አለች ሰሐር። «ዛሬ ጠዋት ራሴ አጠፋሁበት።»

ተክሌ የመጨረሻውን አፕዴት ራሱ አዘጋጀ። ፕሮግራሙ ከዚያ ወዲያ ምንም አያነብም፤ በነኩት ቁጥር በየቋንቋው አንድ ነገር ብቻ ይላል። የአማርኛውን ተክሌ ጻፈው፦ «የዚህ ዕትም ጊዜ አብቅቷል። እባክዎ አዲሱን ይጫኑ።» ከመላኩ በፊት ጀይላን ጋ ደወለ።

«ለጥቂት ቀናት ስልክህ ዝም ይላል። ቶፊቅ አዲሱን እስኪያመጣልህ ድረስ።»

«ምን ችግር አለው? መዲና ታነብልኛለች።»

«ሲደወልልህ ታነሳለህ፤ ቁልፉን ታውቀዋለህ። መደወል ግን አትችልም።»

«አቦ አታስብ፣ ወንድም ተክሌ። አንተ እኮ ከእኔ ይልቅ ፈራህ።»

ተክሌ ላከው። ሁለተኛው ዕትም ተዘጋ።

መዲና የተያዘችው ዓዚዚያ ነው። ኢቃማዋ በሌላ አሠሪ ስም ስለነበር ፍተሻ ሲመጣ ከሆቴሉ በር ላይ ወሰዷት። በጫኗት አውቶቡስ ውስጥ መደወል ክልክል ነው። ስልኳን ከዓባያዋ ሥር ደብቃ ለወንድሟ ጻፈች፦ «ያዙኝ። አንተ ግን ደህና ነህ፣ አትደንግጥ። ሁዳ ነገ ምግብ ታመጣልሃለች፤ ሐኪሟ ዘንድም እሷ ታደርስሃለች። በአላህ ይሁንብህ ከክፍሉ እንዳትወጣ።» ሁዳ የሥራ ጓደኛዋ ናት። ለእሷም ጻፈችላት። ወዲያው ስልኳን ተቀበሏት።

ጀይላን መልእክቱ ሲገባ ሰማ። ስልኩን ነካው።

«የዚህ ዕትም ጊዜ አብቅቷል። እባክዎ አዲሱን ይጫኑ።»

መዲና ማታ አልመጣችም። በሱብሒም አልመጣችም። መኪና ገጭቷት ይሆን? ወድቃ ይሆን? መልእክቱ የእሷ እንደሆነ ልቡ ነግሮታል፤ ሆስፒታል ሆና «ድረስልኝ» ብላው ቢሆንስ? የጎረቤቱን በር አንኳኳ፤ ሁሉም ለሐጅ ሥራ ወጥቷል። ስልኩን ደጋግሞ ነካው። ያው ቃል ነው። በመጨረሻ ግድግዳውን እየዳሰሰ ደረጃውን ወረደና መንገድ ላይ ወጣ።

ጀርወል በሐጃጅ ተሞልቶ ነበር። ጀይላን ስልኩን ወደሚያልፈው ኮቴ ዘርግቶ በዐረብኛ ለመነ፦ «ለአላህ ብላችሁ፣ አንብቡልኝ!» የቆመለት ሰው አልጠፋም። አንዱ ስልኩን ተቀብሎ አየና «ሐጂ፣ ይሄን ፊደል አላውቀውም» ብሎ መለሰለት። ሌላው መዳፉ ላይ ሳንቲም አስቀመጠ። አንዲት አሮጊት በማያውቀው ቋንቋ እየመረቀች ውኃ አጠጣችው። ከዓለም ዙሪያ በመጣው በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አማርኛ የሚያነብ አላገኘም። ፀሐዩ አናቱን መታው። የሆነ ሰው ገፋውና ስልኩ ከእጁ ወደቀ። መሬቱን እየዳሰሰ ሲፈልግ አንድ ፖሊስ ክንዱን ይዞ አነሣው፤ በትሕትናም ኢቃማውን ጠየቀው።

ሁዳ ምግብ ይዛ ስትመጣ በሩ ክፍት ነበር።

ተክሌ በዚያን ቀን ደጋግሞ ደወለ፤ የሚያነሳ የለም። የሆነውን የሰማው ሁዳ በቶፊቅ በኩል ስታስነግረው ነው። መኪናውን አስነሥቶ በመካ መንገድ ነዳ፤ ሙስሊም ያልሆነ ወደ ሌላ አቅጣጫ እንዲታጠፍ የሚያዝዘው ምልክት ጋ ሲደርስ ዳር ይዞ ቆመ። የሚያደርገውን አላወቀም። መሪውን ይዞ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ባሕራ ተመልሶ ከቶፊቅ ሱቅ ገባ።

ሐጁ አለፈ። የቀጠሮው ቀንም አለፈ፤ ፎዚያ አልጋውን ለሌላ በሽተኛ ሰጠች። መዲና ተባርራ አዲስ አበባ ወርዳ ለተክሌ ስትደውል ጀይላን ገና ከሌሎች ተመላሾች ጋር ማቆያ ውስጥ ነበር። እሱም በኋላ ወደ አገሩ ተጫነ።

የአማርኛው ሥራ በመጨረሻ አለቀ፤ ሦስተኛው ዕትም አማርኛ ማንበብ ጀመረ። ሰሐር ለተክሌ ምስጋና ጻፈችለት፤ መልስ አልሰጠም። ደሴ የሚኖረው የጀይላን አጎት ጋ ደወለ። ጀይላን ስልኩ ላይ ቀረበለት።

«ዓይንህስ?»

«ግራውም ሄደ። አልሐምዱሊላህ።»

«አዲሱ አልቋል፣ ጀይላን። ስልኩን በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። አሁን ሁሉንም ያነባል።»

«ለሌላ ሰው ስጠው።»

«እኔን ተቀይመኸኝ ከሆነ እንኳ…»

«እንዳይመስልህ፣ ተቆጥቼ አይደለም። ምን ያነብልኛል? ከማን የሚመጣ?»

«መዲናስ? እሷ አለች አይደል?»

«መዲና የለችም። አንተን የማስተዳድርበት ብላ በጅቡቲ በኩል ወጣች። ጀልባ ልንሳፈር ነው ብላ በአጎቴ ስልክ አናገረችኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማት የለም።»

«መቼ ነው?»

«ቆየ» አለ ጀይላን። «በል ደህና ዋል፣ ወንድም ተክሌ። ስልኩ የሰው ነው።»

ተክሌ በማግሥቱ ደወለ፤ በሳምንቱም ደወለ። አጎትየው እያነሣ «ተኝቷል» ይለው ነበር። ቆይቶ እሱም ማንሣቱን ተወ።