ከፓምፑ እስከ አጥሩ

"እዚህ ነበር!" አለች ቦኒ ዛልክንድ ለባዶው ክፍል። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ካርቶን ሁሉ ወለሉ ላይ ዘርግፋ በጉልበቷ ትድሃለች። የቦርዱ ቃለ ጉባኤ አለ። የነርሶች ትምህርት ቤት ፎቶግራፎች አሉ። የለጋሾች ደብዳቤ፣ የወጥ ቤቱ የሥጋ ውል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው የአሮጌ ቦይለር ንድፍ ሳይቀር አለ። ከባሕር ማዶ የመጡት የድሮ አይሁዶች በሚናገሩት በዪዲሽ ቋንቋ የተጻፉ መዝገቦች ያሉባቸው ሁለት ካርቶኖች ብቻ የሉም።

ቡፋሎ ከተማ፣ ሊንደን ጎዳና ላይ ያለው የአይሁድ ሆስፒታል ለአንድ ትልቅ ኩባንያ ተሸጦ ሊዘጋ ነው። ቦኒ የተቀጠረችው ምድር ቤት የተከማቸውን ወረቀት መልክ አስይዛ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት እንድታስረክብ፣ በዚያውም የሆስፒታሉን የአስተዳደር ታሪክ እንድትጽፍ ነው። ማን መሠረተው፣ ማን መራው፣ ስሙ ስንት ጊዜ ተቀየረ፤ ደረቅ ሥራ ነው፣ እሷ ግን ትወደዋለች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወይዘሮ ፔርል ኩፐርማን ይመጣሉ። "ይምጡ ግዴለም፣ መዝገቡ አለ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ" ብላ የጠራቻቸው ራሷ ቦኒ ናት። ማየቱን አይታዋለች፤ በበጋ ላይ አንድ ቀን የመጀመሪያውን ገጽ በዚያች በተንቀራፈፈች ዪዲሿ አንብባ ቦታው መልሳዋለች።

ወይዘሮ ፔርል ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል። በወጣትነታቸው እዚሁ ሆስፒታል ሴት ልጅ ወልደው፣ ሕፃኗ በሦስተኛው ቀን ሞተችባቸው። በዚያ ዘመን ወር ላልሞላው ሕፃን ለቅሶ አይቀመጡም፣ ድንጋይም አይተከልለትም። የሆስፒታሉ ቀባሪ ይወስደውና ስም አውጥቶ በመቃብር ስፍራው ዳር ይቀብረዋል፤ ስሙን በመዝገብ ይጽፋል። እናት ቶሎ ትርሳ ተብሎ ስሙም ቦታውም አይነገራትም። ወይዘሮ ፔርል አልረሱም። አሁን ሐኪሞቹ ጉበታቸው ላይ መጥፎ ነገር አግኝተዋል፤ እሳቸውም ከመሞታቸው በፊት የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጃቸውን ስም ማወቅና በራሳቸው መቃብር ድንጋይ ላይ ማስቀረጽ።

ቦኒ ከወለሉ ሳትነሳ ሼልደን ግሪንባት ጋ ደወለች። ሼልደን ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ የምኩራቡ የቀብር ማኅበር ሰብሳቢ ሲሆን፣ እዚህ ምድር ቤት ደግሞ በነፃ ካርቶን ይሸከምላታል።

"ሼሊ፣ እነዚያ ሁለት ካርቶኖች የት ገቡ? በዕብራይስጥ ፊደል የተጻፉት።"

"እነሱማ ተቀበሩ!" አለ ደስ ብሎት። "ባለፈው ሳምንት፣ ካረጁት የጸሎት መጻሕፍት ጋር። ምነው በነበርሽ! ስንት ሰው ወጣ መሰለሽ፤ የምኩራባችን ረቢ ታማር መዝሙር አነበበች። የስንቱ ሰው ቀብር እንደዚያ አያምርም።"

"ቀበርካቸው?"

"የእግዚአብሔር ስም ያለበት ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ አይጣል፣ ታዲያ ምን ላድርገው? 'የተቀደሰውን ውሰድ' ብለሽ የፈረምሽው አንቺው አይደለሽ እንዴ?"

"የጸሎቱን ነዋ! ያኛው እኮ ዪዲሽ ነው። የሆስፒታል መዝገብ ነው!"

"ገጹ ራስጌ ላይ 'በእግዚአብሔር ረዳትነት' ይላል እኮ።"

"እነዚያ ሰዎች ምን ላይ የማይጽፉት አለ! የሥጋ ደረሰኙም ላይ ይላል።"

"እኔ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን የት አውቄ፣ ቦኒ? ዪዲሽ የማውቀው አያቴ ሲሳደብ የሰማሁትን ብቻ ነው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ግን ፊርማዋ ትዝ አላት፤ ያን ቀን የኮቷን አንድ እጅጌ አጥልቃ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት እየተጣደፈች፣ የወረቀቱን ጫፍ እንኳ ሳታይ ነው የፈረመችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጥፋቱ የሼልደን ብቻ አለመሆኑ አንገበገባት።

የቦርዱ ሰብሳቢ ሌስተር ዋክስ ግን ነገሩን በስልክ ሲሰማ ብዙም አልደነገጠ። "የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አላት። "ድሮ ምድር ቤቱ ጎርፍ ገብቶበት የለ? ያኔ ጠፋ በያቸው። ታሪኩም ላይ እንደዚያው ጻፊው። ማን ይጎዳል?"

"እናትየዋስ?"

"እናትየዋ ሳያውቁ ስንት ዓመት ኖረዋል። በመጨረሻ ሰዓት ደግሞ የልጅሽን ስም ከአሮጌ ወረቀት ጋር ቀበርንብሽ ይባላሉ? ርኅራኄ የለሽም?"

ቦኒ ስልኩን ዘጋችው። እውነቱን ለመናገር፣ ውሸቱ አማራት። ጎርፉ የምር ነበረ፤ ማንም ተነሥቶ አይመረምራትም፤ ሥራዋን አታጣም፣ አሮጊቷም ጥቂት አልቅሰው ቤታቸው ይገባሉ። የምትናገረውን አንድ ሁለት ጊዜ በልቧ ተለማመደችው። ሦስተኛው ላይ በሩ ተንኳኳ።

ወይዘሮ ፔርል ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተው፣ ለበዓል የሚያደርጓትን ባርኔጣ ደፍተው መጥተዋል። የቦኒን ፊት አዩና በር ላይ ቆሙ።

"ተቀምጬ የምሰማው ነገር ነው ወይስ ቆሜ?"

"ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ፔርል።"

"እንግዲያው ቆሜ እሰማዋለሁ። በይ።"

ቦኒ አፏን ስትከፍት ጎርፉ አልወጣ አለ። ያች ባርኔጣ ከለከለቻት። እንደተፈጠረ ነገረቻቸው፤ ካርቶኑን፣ ሼልደንን፣ ራሷ መፈረሟን። ወይዘሮ ፔርል ከዘራቸውን ጨብጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ግሪንባት?" አሉ። "ያ ጥርስ ነቃይ? የታመመውን ትቶ ደህናውን የነቀለብኝ?"

"እሱ ነው።"

"መቼም ልማዱ አይለቀው። መኪና አለሽ?"

"አውቶቡስ ነው የምሳፈረው።"

"ታክሲዬ ደጅ ቆሟል። ነይ ተነሺ፣ ለምን ታለቅሻለሽ? ማልቀስ ካለብኝ እኔ ነኝ።"

መቃብር ስፍራው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል፤ መሬቱ ግን ገና በበረዶ አልደረቀም። ቦኒ ከታክሲው ደውላላቸው፣ ሼልደንና ረቢ ታማር በሩ ላይ ይጠብቁ ነበር። ሼልደን ወይዘሮ ፔርልን ሲያይ የሚገባበት ጠፋው።

"ወይዘሮ ኩፐርማን፣ በእውነት እኔ…"

"በኋላ ትለኛለህ። ቦታውን አሳየኝ።"

በድንጋዮቹ መካከል አሳልፎ ወደ ዳር ወሰዳቸው። መቃብሮቹ አልቀው ሣር ብቻ ከሚታይበት ላይ ደረሱ፤ ወዲህ አንድ የዛገ የእጅ ፓምፕ፣ ወዲያ የሽቦ አጥር። መሃል ላይ አዲስ አፈር ተቆልሏል። ቦኒ ፓምፑን ስታይ ክው አለች።

"ሼሊ፣ ይህን ቦታ ማን መረጠው?"

"እኔ ነኛ። ባዶ ነው። ካርታው ላይም ማንም የለበትም፣ አይቼዋለሁ።"

"ባዶ አይደለም" አለች ቦኒ። ድምጿ የእሷ አልመስላት አለ። "የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። 'ትንንሾቹ፣ ከፓምፑ እስከ አጥሩ' ይላል። ሕፃናቱ የተቀበሩት እዚህ ነው።"

ሁሉም እግራቸው ሥር ያለውን ሣር አዩ። ረቢ ታማር ሳይታወቃት ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ግን ወደ የትም ብትረግጥ ያው ነበር። ሼልደን ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገ።

"በኤክስካቫተር ነው ያስቆፈርኩት" አለ ቀስ ብሎ።

"ያየኸው ነገር ነበር?" አለችው ረቢዋ።

"አላየሁም። አፈር ነው ያየሁት።" አጥሩን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። "ወይ አምላኬ። ሰው ሁሉ እየዘመረ።"

ወይዘሮ ፔርል በከዘራቸው ጫፍ ሣሩን ነካ ነካ አድርገው፣ የሰው ልብስ የረገጡ ይመስል ወዲያው አነሱት። ይህን ሁሉ ዓመት ልጃቸው የት እንዳለች አያውቁም ነበር። ባላቸው ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ነው የተቀበረው፤ በየዓመቱ መጥተው ሲመለሱ እንደ ወጉ እጃቸውን የሚታጠቡት ከዚሁ ፓምፕ ነበር።

ረቢ ታማር አጠገባቸው መጣች። አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። "ወይዘሮ ፔርል፣ መዝገቡ ቅዱስ መጽሐፍ ስላልሆነ ማውጣቱ አይከለከልም። የከበደኝ መሬቱ ነው። ግራና ቀኙ ማን እንዳለ አናውቅም። ሙታንን ሁለተኛ ማወክ…" እጃቸውን ያዘቻቸው። "ምናልባት እንዲህ ብናየውስ? የልጆቹ ስም አሁን አብሯቸው ተኝቷል። ማንም አስቦት አይደለም፣ ግን ስማቸው ወደ እነሱ ተመልሷል።"

ቦኒ ይህን ስትሰማ ደረቷ ቀለል አላት፤ ወዲያውም በራሷ አፈረች። ነገሩ እንዲህ አምሮ ቢያልቅ ለሁሉም ይመቻል። ለእሷም፣ ለሼልደንም፣ ለሌስተርም።

"ያምራል" አሉ ወይዘሮ ፔርል። "ለቅዳሜ ስብከትሽ ያምራል። ልጅ አለሽ አይደል? ማን ትባላለች?"

"ሊዮራ።"

"ሊዮራ። አየሽ፣ ስትጠየቂ አፍሽ ላይ ነው። እኔ ማን ብዬ ልጥራት?" እጃቸውን ከረቢዋ እጅ አስለቀቁ። "ሐኪሙ 'እርሺው' አለኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ 'ሆድ ይፍጀው' አለኝ። እሺ አልኩ። ሆዴም ፈጀው። ጨዋ ሴት፣ አርቆ አሳቢ ሴት ተባልኩ። ሰው ሁሉ የሚወደኝ ዝም ስል ነው። አሁንም ዝም እንድልልሽ ነው የምታባብይኝ።"

"እኔ እንደዚያ ለማለት…"

"አውቃለሁ ልጄ፣ ክፋት የለብሽም። እነሱም ክፋት አልነበረባቸውም። ቆፍሩ።"

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

"በማሽን አይደለም፤ በእጅ። ያንኑ የተነካውን አፈር ብቻ። የሰው ልጅ ላይ እንዳትደርሱ። ግን ቆፍሩ፣ አለዚያ ከዚህ አልሄድም።"

ረቢ ታማር ብዙ ጊዜ መሬት መሬቱን አየች። በመጨረሻ የሹራቧን እጅጌ ሰበሰበች። "የላላውን አፈር ብቻ። ጠንካራ መሬት ላይ ስንደርስ እናቆማለን። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።"

ሼልደን ከመቃብር ጠባቂው ቤት አካፋና መኮትኮቻ፣ ለወይዘሮ ፔርልም ወንበር ይዞ መጣ። አካፋውን ግን ቶሎ ጣለው፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ አፈሩን በእጁ ያወጣ ጀመር። በየጭብጡ "ይቅርታ" ይላል፤ ማንን እንደሚል አይታወቅም። ቦኒ ከጎኑ ተንበረከከች። በመጀመሪያ የጸሎት መጻሕፍቱ ወጡ፤ ረቢ ታማር አንድ በአንድ እየሳመች ዘርግታ ያኖረችው ካፖርቷ ላይ ደረደረቻቸው። ሥራው ቀርፋፋ ነበር። ከሥር ካርቶኖቹ እርጥበት በልቷቸው፣ ሲነኳቸው እየተቀደዱ ብቅ አሉ።

መዝገቡ ጥቁር የጨርቅ ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ነው። ቦኒ በሁለት እጇ አውጥታ በመሐረቧ ጠረገችው። ውሃ ጠጥቶ አብጧል። በጥንቃቄ ገለጥ ስታደርገው የመጀመሪያዎቹ ገጾች እሺ ብለው ተላቀቁ። ከመሃል በኋላ ያሉት ግን እንደ ራሰ ዳቦ ተጣብቀዋል። ወይዘሮ ፔርል የወለዱበት ዓመት ወደ መጨረሻው ነው።

"ምን ሆነ? አገኘሻት?" አሉ ወይዘሮ ፔርል ከወንበሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው።

ቦኒ ዛሬ አንዴ ከውሸት ተርፋለች፤ ሁለተኛ ልትሞክረው አልፈለገችም። "የመጨረሻዎቹ ገጾች ተጣብቀዋል። ባለሙያ ቀስ ብሎ ካደረቃቸው ሊነበቡ ይችላሉ፤ ቀለሙ ፈስሶ ከሆነ ደግሞ ላይነበቡ ይችላሉ። አሁን ጥፍሬን አስገብቼ ልሞክር እችላለሁ። ከተቀደደ ግን ያው ተቀደደ ነው።"

"የፊቶቹስ?"

"የፊቶቹ ይነበባሉ።"

ወይዘሮ ፔርል ደብተሩን አዩት፤ ቀጥሎ ሣሩን፣ ከፓምፑ እስከ አጥሩ። ፈርተዋል፤ ፊታቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ዕድሜ ሙሉ የጠበቁት ነገር እዚያ ውስጥ መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ አለመኖሩን ማወቅ ሌላ።

"አትንኪው" አሉ። "ይድረቅ። እኔም እስኪደርቅ ልቆይ እሞክራለሁ።"

ቦኒ መዝገቡን ልትከድነው ስትል ከዘራቸውን ዘረጉና አስቆሟት።

"የት? ማን ዝጊው አለሽ? የሚነበበውን አንብቢ።"

"የእርስዎ እኮ እዚህ ውስጥ…"

"የእኔ አለመሆኑን አውቃለሁ። እነዚህስ ማን አላቸው? እናቶቻቸው ሁሉ ሞተዋል። ከመጀመሪያዋ ጀምሪ።"

ቦኒ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያውን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ሴት ልጅ። አባቷ ልብስ ሰፊው ያንክል። ስሟ… ፍሩማ።"

"ፍሩማ!" አሉ ወይዘሮ ፔርል ጮክ ብለው፣ ሲመሽ ልጅን ከደጅ እንደሚጠሩት። ጥቂት ጠበቁ። "ቀጥይ" አሉ፣ ወንበራቸውን ወደ እሷ እየጎተቱ።