የልጣጩ አፅም

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው ላብራቶሪ፣ ልጣጭን የሚያጠነክረውን ሊግኒን በስሙ የሚጠራው የለም። የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ፈጭተው አሲድ ውስጥ ይጨምሩታል። አሲዱ ሌላውን ሁሉ በልቶ የሚተወውን ጠቆር ያለ ዝቃጭ «አፅም» ይሉታል። «አፅሙ ወጣ?» ብሎ ከበር መጮህ የኢያቄም ልማድ ነው፤ ባልደረባው አፀደም «ወጣ!» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ቃሉን ትታ ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። «አፀዬ» እያለ ይጠራት የነበረው ባሏ ክብረት ያረፈበት የመቃብር ቦታ ሊነሳ ስለነበር፣ ቤተሰብ አፅም እንዲያወጣ ተነግሮ ነበር። እሷ ሥራ በዛብኝ፣ ነገ እሄዳለሁ ስትል ቀኑ አለፈ፤ ዶዘር ገባ። ይገርማል! የብርቱካን አፅም ስታወጣ እየዋለች የባሏን ሳታወጣ ቀረች።

ዛሬ ኢያቄም አጠገቧ ቆሞ ሚዛኑን ያስተካክላል። እሷ ዝቃጩን በሙቅ ውሃ ታጥባለች። ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«አፀዬ፣ ወጣ?»

ኢያቄም ቀና እንኳ አላለም። እጇ ውሃው ላይ ቀረ።

«ምኑ?» አለች ሳትዞር።

«አፅሜ።»