የወንድሜ ባዶ

ታላቅ ወንድሜ የተፈጥሮ ውሃ ኬሚስትሪን የሚወስደው ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ እኔ ገና መጀመሪያዬ። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጡ ያንገበግበዋል። በዚያ ላይ የዘንድሮው የሐይቅ ናሙና ከተበላሸበት ከትምህርት ክፍሉ እንደሚሰናበት መምህሩ ቁርጡን ነግረውታል።

ወደ ሐይቁ ስንሄድ ባዶም ይዘን እንድንመጣ ታዘዝን። ባዶ ማለት ምንም ያልተቀላቀለበት ዲስቲልድ ውሃ ነው፤ እንደ ናሙናው በጠርሙስ ሆኖ ሐይቁ ድረስ ደርሶ ይመለሳል፣ ጠርሙሱ ወይ እጃችን ውሃ በክሎ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። ወንድሜ ግን ሲነገር ጆሮው የት እንደነበር እንጃ፣ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ከች አለ።

አውቶብስ ውስጥ አቅፎት ተቀመጠ። ሐይቁ ዳር ከፍቶ አየር አስገባበት፣ ከደነው፣ «ባዶ» ብሎ ጻፈበት። ልነግረው ስል፣ «አንቺ ዝም በይ፣ ይሄን ኮርስ ካንቺ በፊት ነው የማውቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። ዝም አልኩ፣ ደስም አለኝ።

የምንኖረው ልብስ ሰፊ አክስታችን ቤት ነው። ለእሷ ባዶ ዕቃ ለሰው መስጠትም ሆነ መመለስ ሞቷ ነው። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱን ስታይ ክው አለች፤ ለመምህር፣ ያውም ባዶ! የእንፋሎት ካውያዋ እንዳይደፈን የምትጨምርበትን ዲስቲልድ ውሃ አንስታ እስከ አፉ ሞላችውና ናሙናው ያለበት ሳጥን ውስጥ መለሰችው። ወንድሜ አርፍዶ ስለነበር ሳጥኑን ከነናሙናው አፈፍ አድርጎ ሮጠ።

መምህሩ ፊት ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ሲወጣ ፊቱ አመድ መሰለ። የብክለት መለኪያው ተነከረበት፤ ቁጥሩ ዜሮ ለመሆን ትንሽ ነው የቀረው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዲህ ያለ ንጹሕ ባዶ አይቼ አላውቅም። እንዴት አዘጋጀኸው?»

«አክስቴ ናት የሞላችው» አለ፣ ልማዷን ስለሚያውቅ።

እርዳታ መጠየቅ የሚያውቅ ተማሪ ደስ ይለኛል ብለው አሳለፉት። እኔ ጠርሙሴን አጥቤ አጥቤ ባዶዬ ውስጥ ሳሙና ተገኘና ድገሚ ተባልኩ። በንዴት ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም።

ቤት ስንገባ አክስታችን ማለፉን ሰምታ አገላብጣ ሳመችው። ከዚያ ጠርሙሱን ከእጁ ተቀብላ ነቀነቀችው።

«ባዶውን ነው የመለሱልህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኚህ ሰው ምኑን ተማሩት?»