የጾሙ ማይክሮዌቭ

ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። ሐሊናን ግን አደንቃታለሁ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የእኛ ሁለት ሺሕ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በፍልሰታ ነው። ናይሮቢ መሃል ከተማ በሚገኘው የጋሼ መኳንንት ምግብ ቤት ሒሳብ ተቀባይ ነበርኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ማይክሮዌቮች አሉ፤ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የጾም። ጋሼ መኳንንት የጾሙን በሌላ ሰው አያስነኩም። የሥጋ ቅባት እንዳይቀርበት ብለው የበሩን ዙሪያ ሁልጊዜ በሽቦ ይፈትጉታል።

አስተናጋጃችን አቢግያ ነፍሰ ጡር ናት። አምና ጽንስ ወርዶባታል። አንድ ደንበኛ ታዲያ «ማይክሮዌቭ አጠገብ የምትውል ሴት ልጅ አይጸናላትም» ብሎ አውርቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣች፤ ሥራዋንም ልትተው ደረሰች። ጋሼ ደግሞ «በየቀኑ የማጸዳው ዕቃ ምን ይሆናል?» ይላሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሐሊና ጊጊሪ ሰፈር ባሉ መሥሪያ ቤቶች እየዞረች የዕቃዎችን ደኅንነት የምትመረምር መሐንዲስ ናት፤ ምሳዋን እኛ ዘንድ ትበላለች። አቢግያ ሽሮዋን ስታቀርብላት ጭንቀቷን ነገረቻት። በማግሥቱ ሐሊና የጨረር መለኪያዋን ይዛ መጣች።

ሁለቱም ማይክሮዌቮች ውስጥ በየተራ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስገብታ አስነሣቻቸው። የመለኪያውን ጫፍ በበሩ ጠርዝ ላይ ቀስ እያለች አዞረች። የፍስኩ ላይ መለኪያው ዝም አለ። የጾሙ ታችኛው ማጠፊያ ጋ ሲደርስ ጮኸ። አቢግያ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«የት ነው የምትቆሚው?» አለቻት ሐሊና።

አቢግያ ምግብ የምታቀርብበትን ጠረጴዛ አሳየቻት። ሐሊና እሷን ወደ ኋላ አድርጋ ራሷ ቆመችበት፤ መለኪያውንም በሆዷ ትክክል ያዘችው። ምንም አላሳየም።

«እዚህ አይደርስም» አለች። ከዚያ ማይክሮዌቩን ከሶኬቱ ነቀለችው። «ጋሼ፣ ጨረሩን የሚያግደው ይሄ የበሩ ጠርዝ ነው፤ ሽቦው በልቶታል። ከእንግዲህ አይሠሩበት።»

«ለጾሙ ብዬ እኮ ነው» አሉ ጋሼ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«አውቃለሁ ጋሼ። አዲስ ሲገዙ በእርጥብ ጨርቅ ያጽዱት፤ እሱም ያጠራል።»

አቢግያ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «የአምናውስ?» አለች።

እኔ ብሆን «በፍጹም አይደለም» ብዬ እገላገል ነበር።

«የአምናውን ይሄ መሣሪያ አይነግረኝም፤ እኔም አላውቅም» አለች ሐሊና። «አውቃለሁ የሚልሽ ካለም አትመኚው። የዘንድሮውን ግን ለክቼልሻለሁ።»

አቢግያ ሽርጧን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሐሊና ምሳዋንም ሥራዋንም ትታ፣ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆመች። ያን ቀን ያከበርኳትን ያህል ማንንም አክብሬ አላውቅም።

ከዚያ አቢግያ ዕንባዋን ጠርጋ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ጋሼ፣ ነገ ከሰዓት ኦፍ ይስጡኝ። ኢስትሊ ገበያ ሄጄ የሕፃን ልብስ ልግዛ።»