አረንጓዴዋ ነጥብ

አትመልከቺው፣ ወደ ጣሪያው ተመልከቺ፣ ወደ መብራቶቹ፣ መብራት በማየት ማንም አይቀየምም፣ ትላለች ሺዮሪ ለራሷ፣ ዓይኗ ግን አልሰማ ብሏት ተመልሶ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ያርፋል፣ ዓይኗ ባረፈበት ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፣ መነጽሩ ነዋ፣ የተረገመ መነጽር፣ ለስብሰባው የመጡት አራቱም አድርገውታል፣ ገና ያልተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ በባዶው ወለል ላይ ቆሞ ይታያቸዋል፣ ግድግዳው፣ ደረጃው፣ ምሰሶው፣ እያንዳንዳቸው በሚያዩት ቦታም በየቀለማቸው ነጥብ ይበራል፣ ለቡድን ሥራ ነው ብሎ ነበር ያመጣላቸው ሰውዬ፣ አንዱ ያየውን ሁሉም እንዲያይ። ጎሽ። ዓይንን የሚያጋልጥ ዕቃ።

ምሰሶው። መታጠፊያው ላይ ገባ ብሎ የቆመው ምሰሶ። ቆሞ የሚሄድ ሰው ያልፋል፣ የተኛ ሰው አያልፍም፣ ቃሬዛ አይዞርበትም፣ ይህን ያየችው ትናንት ነው፣ የሕንጻው ሥዕል ላይ የማጽደቂያ ማኅተሟን ካሳረፈች በኋላ፣ ያውም እንደ ደንቡ ወደ አለቃዋ ማኅተም ዘንበል አድርጋ፣ እጅ የሚነሳ አስመስላ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል፣ ነገር ካለ አስቀድሞ በየጠረጴዛው እየዞሩ በጆሮ ነው የሚባለው፣ ስብሰባ ላይ ራስ ይነቀነቃል እንጂ ነገር አይጀመርም። አለቃዋ ኦኩዳይራ-ሳን አሁን አዎ ካሉ ነገ ኮንክሪቱ ይፈሳል።

ጠዋት ልትነግራቸው ሄዳ ነበር። ሥዕሉ የእርሳቸው ነው፣ በመጋቢት ጡረታ ይወጣሉ፣ የመጨረሻ ሕንጻዬ ነው ሺዮሪ-ሳን፣ አንድ አልጋ ያዙልኝ፣ እኔም እዚሁ ነው የምጦረው ብለው ሲስቁ ነገሩን ትታ አብራ ሳቀች፣ እንዴት ሳቀች።

አባቷን ያወረዷቸው እንዲህ ባለ ደረጃ ነው፣ ቃሬዛው አልዞር ብሎ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ቀና አድርገው፣ ልባቸው እየከዳቸው፣ ይቅርታ፣ አስቸገርኳችሁ ይላሉ አባቷ ተሸካሚዎቹን፣ በየመታጠፊያው ይቅርታ፣ ታች ሲደርሱ ድምፃቸው የለም። ይህን ስታስብ ሁሌም የሚቀድማት ንዴት ነው፣ ሐዘኑ በኋላ ይመጣል።

ሺዮሪ-ሳን፣ ደረጃው ላይ የጣልሽው ነገር አለ እንዴ፣ ነጥብሽ እኮ ችካል ሆነች፣ ይላል ኢሶቤ፣ የተቋራጩ ሰው፣ ቀልደኛው፣ ኧረ የለም፣ ቀለሙን እያየሁ ነው፣ ቀለም፣ ያልተቀባ ደረጃ ላይ፣ ቀለሙማ ያምራል ይላል ኢሶቤ፣ ሲልም ቢጫ ነጥቡ ምሰሶው ጫፍ ላይ ናት። አውቋል። የቧንቧው መሐንዲስ ቴራዳ ሰማያዊ ነጥብም መጣች፣ እንደ ሌባ ደንገጥ ብላ ሸሸች፣ ተመለሰች። እሱም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሁሉም እንደሚያውቅ ያያል፣ እና ጸጥ፣ አንድ ሰው ይተንፍስ እንጂ፣ ለምን እኔ፣ ከሁሉ ታናሿ እኔ።

ቀይዋስ? የኦኩዳይራ-ሳን ቀይ ነጥብ የት ናት፣ በሩ ላይ የለችም፣ ወለሉ ላይ የለችም፣ ሺዮሪ በስንት መከራ ዓይኗን ነቅላ ወደ መብራቶቹ ትወስዳለች፣ አረንጓዴዋ ስትነሳ ቀይዋ ከሥሯ ወጣች። እዚያው ነበረች። ንቅንቅ ሳትል።

ያልተነሳ ነገር አለ? ይላሉ ኦኩዳይራ-ሳን፣ ድምፃቸው እንደወትሮው አይደለም፣ ቀጠን ብሏል፣ ሽማግሌው እየለመኑ ነው፣ በራሳቸው አፍ አይሉትማ፣ የመጨረሻቸው ነው፣ ከእናንተ አንዳችሁ አውጡኝ ነው የሚሉት፣ የለም ይላል ቴራዳ፣ የለም ይላል ኢሶቤ ያለ ቀልድ፣ ተራው የእሷ ነው፣ በያት፣ አንድ ቃል ናት፣ ምሰሶው በያቸው፣ ጉሮሮዋ ድረስ መጥታለች፣ ምሰ፣

የለም፣ ትላለች።

የራሷ ድምፅ ነው። ኦኩዳይራ-ሳን መልካም ይላሉ፣ ደከማችሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አራቱም እንደ ደንቡ ጎንበስ ይላሉ፣ አራቱ ነጥቦች ወርደው ወለሉ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ቀና ለማለት የሚቀድም የለም።