ሞልቶ የተመለሰው ተሳቢ

ባዶውን መመለስ የነበረበት ተሳቢ ሴራሚክ ጭኖ ግቢ ገባ። ጉዱ ይኸው ነበር።

ባለቤቱ ሸራውን ገለጥ ቢያደርግ በየካርቶኑ ላይ የታናሽ ወንድሙ ድርጅት ስም አለ። አባታቸው ሲሞቱ ተጣልተው ደንበኞቹን ተካፍለዋል፤ ታላቁ ወደ ወደብ የሚወርደውን ጥራጥሬ፣ ታናሹ ከወደብ የሚመጣውን ዕቃ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም መኪኖች በአንድ በኩል ሞልተው፣ በሌላው ባዷቸውን ይመላለሳሉ። መንገድ ላይ ሹፌሮቹ በጥሩምባ ሰላም ይባባላሉ፤ ወንድማማቾቹ ግን በለቅሶ ቤት እንኳ አይተያዩም።

"ማን ጫን አለህ?"

በዝግታ በመንዳቱ ዔሊ የሚሉት ሹፌር ቁልፉን እያሻሸ፣ "ስምሪት ጫን አለችኝ፣ ጫንኩ። እናንተ ወንድማማች ናችሁ አለቃ፤ እምቢ ብያት ነገ ብትታረቁ ጥፋተኛው እኔ ነኝ" አለ።

ስምሪት ማለት መኪኖቹን የምታሰማራው ታናሽ እህታቸው ናት። ባለቤቱ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ቢሮዋ ገባ።

"ሳትጠይቂኝ?"

"ብጠይቅህ እምቢ ትላለህ።"

"እላለኋ!"

"ታዲያ ለምን ልድከም?"

ናፍጣ ከተወደደ ወዲህ ይህንኑ ተሳቢ ሊሸጥ ወስኗል፤ ዔሊም አብሮ ይሰናበታል። ገዢው ዛሬ ሊደውል ነው።

"ለእሱ ዕቃ ናፍጣ ላቃጥል?"

"እስካሁን አየር ስትጭን ነው የኖርከው፣ ወንድም ጋሼ። ለአየር ማን ኪራይ ይከፍላል? ሲወርድ ያንተን፣ ሲመለስ የእሱን ይዞ፣ አንድ መኪና የሁለት መኪና ሥራ ሠራ። የእሱ መኪኖችም ያንተን ጥራጥሬ ይዘው ይወርዳሉ፤ አንተ እሺ ካልክ።"

ባለቤቱ ይህቺን ልጅ ያደንቃታል፤ ነግሯት ግን አያውቅም። የጎማው ንፋስ ሳይለካ መኪና ከግቢ እንዳይወጣ ያደረገች፣ ወደብ በር ላይ ሞተር ሳያጠፉ መሰለፍን ያስቀረች እሷ ናት። መጀመሪያ የሳቁባት ሹፌሮች ዛሬ እሷን ሳያማክሩ ቁልፍ አያነሱም። ከእሱ ጋር እየሠራች እሑድ እሑድ ምሳ የምትበላው ታናሹ ቤት ነው፤ ማንም አትሂጂ ሊላት አልደፈረም።

"እሱስ ምን አለ?"

"እንዳንተው ጮኸ። ቃል በቃል። ከዚያ ወደብ ወርዶ ራሱ ቆሞ አስጫነ። ገመዱ ላልቷል ብሎ ዔሊን ተቆጣው።"

ባለቤቱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። ስልኳ ጠራ።

"ገዢው ነው። ምን ልበለው?"

በመስኮት ቁልቁል አየ። ዔሊ ሸራውን መልሶ እያለበሰ ነው።

"መኪናው ሥራ ላይ ነው በዪው።"

እህቱ ያንኑ ተናግራ ስልኩን ዘጋች።

"የዚያ ወንድምሽ ቢሮ አሁን የት ነው?"

"ከማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ያለው። ልምጣ?"

"አትምጪ። የምንሰዳደበውን እንሰዳደብና እንጨርሳለን።"

ጃኬቱን ከወንበሩ አነሳ፤ ወጣና በሩን ዘጋው።