አርባ ሰከንድ ቦታ የያዘው ስክሪፕት

"የኔ እህት፣ የልጅቷ የደም ምርመራ ውጤት አሁንም አልደረሰንም። ዶክተሩ እጁን አጣጥፎ ቆሟል!" አለች የሕፃናት ክፍል ዋና ነርስ በስልክ።

"እየፈለግኩት ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ" አለች ፕሮግራመሯ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ፣ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ።

የሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ውጤቶች ወደየክፍሉ የሚደርሱት ሁሉም ጋሼ የሚላቸው አንጋፋ ፕሮግራመር በጻፉት ፕሮግራም ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ፕሮግራሙ ስክሪፕት የሚባሉ ብዙ ትንንሽ የትእዛዝ ጽሑፎችን ተራ እያስያዘ ያሠራል፤ አንዱ መልስ ሲጠብቅ ተራውን ከለቀቀ ሌላው እንዲቀጥል ያደርጋል። ለዓመታት ኮሽ ሳይል የኖረው ይህ ተራ አስያዥ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት መንቀራፈፍ ጀምሯል። አለቃዋም ወስኗል። "የሽማግሌው ነገር አርጅቷል፤ አውጥተን እንጣለው። እስከ ስድስት ሰዓት ሪፖርቱን ጻፊልኝ" ብሏታል።

እጇ ግን አልታዘዝ አላት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ስክሪን ላይ አፍጥጣ ስታለቅስ፣ ወንበር ስበው አጠገቧ የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። ደወለችላቸው።

"ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ዘገየብን። ተራ አስያዡ ይሆን?"

"ለካሽው?"

"አልለካሁም... መሰለኝ እንጂ።"

"መሰለኝን ተዪው ልጄ። እያንዳንዱ ስክሪፕት ስንት እንደሠራ፣ ስንት እንደጠበቀ የሚመዘግብ መለኪያ አስገብቼበታለሁ። ተዘግቶ ነው እንጂ እዚያው አለ። ክፈቺው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።"

"ምስጋናው ካገኘሽው በኋላ!" ብለው ሳቁ። ከኋላቸው የልጅ ልጆቻቸው ጫጫታ ይሰማል።

ከፈተችው። ቁጥሮች ይወርዱ ጀመር። ተራ አስያዡ ራሱ የሚፈጀው ጊዜ ከምንም አይቆጠርም። አንድ ስክሪፕት ግን ገብቶ አርባ ሰከንድ ሙሉ አልወጣም። የምድር ቤቱ ፕሪንተር መልስ እስኪሰጠው ቦታውን ሳይለቅ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ከኋላው ተኮልኩለዋል። ባለፈው ወር ፕሪንተሩ ተበላሽቶ ቀርፋፋ አሮጌ ተተክቶበት ነበር። የስክሪፕቱን ጸሐፊ ለማየት ስክሪኑን ወደ መጀመሪያው መስመር መለሰችው። የራሷ ስም ነው፤ በተቀጠረች በሁለተኛው ወር የተጻፈ።

ስክሪፕቱ በሚጠብቅበት ጊዜ ተራውን ለሌሎቹ እንዲለቅ ሁለት መስመር አስተካከለች። መጀመሪያ በመሞከሪያው ማሽን ላይ አሠርታ ለካች፤ ከዚያ ወደ ዋናው አስገባችው። የተኮለኮለው ሁሉ ተንቀሳቀሰ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። "ተባረኪ!" አለች ነርሷ። "ውጤቱ ዶክተሩ ሳይሄድ ደረሰ፤ ልጅቷ መድኃኒት ጀምራለች። እናትየዋ ማንን እንደምታመሰግን ግራ ገብቷት እኔን አቅፋኝ ታለቅሳለች።"

አለቃዋም በበሩ ብቅ አለ። "ተስተካከለ አሉ፤ ጎበዝ! በቃ 'በአሮጌው ሲስተም ምክንያት' ብለሽ ጻፊው። ሰውዬው እንደሆነ ሄዷል፤ ማን ይጠይቅሻል?"

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ መጻፍ ጀመረች። "ስህተቱ የእኔ ነው። ተራ አስያዡ ጤነኛ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት ጋሼ ትተውልን በሄዱት መለኪያ ነው።" "ጋሼ" የሚለውን አጥፍታ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው አሰፈረች።

ሪፖርቱን በኢሜይል ከመላኳ በፊት ከአለቃዋ አድራሻ አጠገብ የጋሼን አድራሻ ጨመረች።